ከፕሮግራሙ እስከ ቁራጩ፦ በሲኤንሲ ሚሊንግ ሥራ ላይ ስሕተት የሚገባባቸው ክፍተቶችና መዝጊያ መንገዶቻቸው

መግቢያ

የሲኤንሲ ሚሊንግ ማሽን በዩኒቨርሲቲ ወርክሾፕ ውስጥ እንደ ማምረቻ መሣሪያ ብቻ ይታያል። ለብዙ የድኅረ ምረቃ ጥናቶች ግን የውሂቡ ጥራት የሚወሰነው ናሙናው ወደ ላቦራቶሪ ከመድረሱ በፊት፣ በዚሁ ማሽን ጠረጴዛ ላይ ነው። አንድ ተመራማሪ የአንድን የአሉሚኒየም ውህድ የመታጠፍ ጥንካሬ ለመፈተን 12 ናሙናዎች ያስፈልጉታል እንበል። በንድፉ ላይ የናሙናው ውፍረት 3.00 ሚሊ ሜትር ነው። ከማሽኑ የወጡት ናሙናዎች 2.95 ሚሊ ሜትር ሆነው ሳለ ስሌቱ በ3.00 ቢሠራ፣ በሦስት ነጥብ የመታጠፍ ፈተና ውስጥ ውጥረቱ የሚሰላው ለውፍረቱ ካሬ በማካፈል ስለሆነ፣ የሚገኘው ውጥረት ከእውነተኛው በ3.3 በመቶ ያንሳል። የመለጠጥ ሞጁለሱ ደግሞ ለውፍረቱ ኪዩብ በማካፈል ስለሚሰላ ስሕተቱ ወደ 4.9 በመቶ ያድጋል። በዐይን የማይታይ 0.05 ሚሊ ሜትር የጥናቱን መደምደሚያ ሊያዛባ ይችላል ማለት ነው።

ሌላው አደጋ በዐይን የሚታይ፣ በጆሮም የሚሰማ ነው። መቁረጫው በፈጣን ጉዞ ላይ ሳለ ከሞርሳው ወይም ከቁራጩ ጋር ቢጋጭ፣ የሚሰበረው መቁረጫው ብቻ አይደለም፤ የስፒንድሉ ቦል ቤሪንግ ሊጎዳ፣ የማሽኑ ትክክለኛነትም ለዘለቄታው ሊጓደል ይችላል። ብዙ ክፍሎች አንድ ማሽን በሚጋሩበት ተቋም እንዲህ ያለ ብልሽት የሚያቆመው የአንድን ተማሪ ሥራ ብቻ አይሆንም።

ሁለቱም ጉዳቶች ምንጫቸው ተመሳሳይ ነው። በቁጥር የሚመራ ሚሊንግ ማሽን እ.ኤ.አ. በ1952 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ለሕዝብ ሲታይ፣ በተበሳ የወረቀት ጥብጣብ ላይ የሰፈሩ ቁጥሮችን እያነበበ ይሠራ ነበር። ዛሬ ጥብጣቡ ቢቀርም መሠረቱ አልተለወጠም፤ ማሽኑ የተሰጠውን ቁጥር ያምናል። ቁራጩ በሌላ ቦታ ቢታሰር፣ መቁረጫው በሌላ ርዝመት ቢገጠም፣ ያለፈው ሥራ ትእዛዝ በማኅደረ ትውስታው ቢቀር፣ ማሽኑ በራሱ አያውቅም። ይህ ጽሑፍ ፕሮግራሙ በሚገምተውና በጠረጴዛው ላይ በትክክል ባለው መካከል ክፍተት የሚፈጠርባቸውን ዋና ዋና ቦታዎች በሥራ ቅደም ተከተል ያብራራል፤ እያንዳንዱ ክፍተት ከመቁረጥ በፊት እንዴት እንደሚዘጋም ያሳያል።

ዜሮ ነጥቡ የት ነው?

በፕሮግራሙ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ቁጥር የሚለካው ከአንድ መነሻ ነው። ይህን መነሻ ለማሽኑ የሚያስታውቀው የሥራ ኦፍሴት ሲሆን፣ በአብዛኞቹ መቆጣጠሪያዎች ከጂ 54 እስከ ጂ 59 ባሉት ስድስት ትእዛዞች ይጠራል። ፕሮግራም አዘጋጁ ዜሮውን የቁራጩ ግራ ጥግ ላይ አስቦ፣ ኦፕሬተሩ መሐል ላይ ቢያዘጋጀው፣ ፕሮግራሙ እንከን የሌለው ሆኖ ሳለ ሥራው ይበላሻል። ስለዚህ የዜሮው ቦታ በቃል የሚነገር ሳይሆን ከፕሮግራሙ ጋር በሚሄድ የዝግጅት ወረቀት ላይ በሥዕል የሚሰፍር መሆን አለበት።

የዜሮው ቦታ የሚመረጠው ለፕሮግራም አጻጻፍ በሚመች መንገድ ብቻ አይደለም፤ የትኛው ልክ እንደሚያስፈልግ ታይቶ ነው። የመግቢያው ምሳሌ ይህን ግልጽ ያደርገዋል። ናሙናው የሚሠራው ውፍረቱ 5 ሚሊ ሜትር ከተባለ ሰሌዳ ነው እንበል። የዜድ ዜሮ በሰሌዳው የላይ ገጽ ላይ ቢደረግና 2.00 ሚሊ ሜትር ይቆረጥ ቢባል፣ የሚቀረው ውፍረት በሰሌዳው እውነተኛ ልክ ላይ የተመሠረተ ይሆናል፤ ሰሌዳው 4.95 ከሆነ ናሙናው 2.95 ይወጣል። ዜሮው ቁራጩ በተቀመጠበት የፓራለል ገጽ ላይ ቢሆን ግን፣ መቁረጫው በዜድ 3.00 ላይ ሲያልፍ ሰሌዳው 4.95ም ሆነ 5.10 የሚቀረው ውፍረት ያው ነው። ይህ የሚሠራው ቁራጩ በፓራለሉ ላይ በሚገባ ከተቀመጠ ነው። በተለምዶ ሞርሳው ከጠበቀ በኋላ ቁራጩ በለስላሳ መዶሻ ይመታል፤ ከዚያም ፓራለሎቹ በጣት ሲነኩ መንቀሳቀስ የለባቸውም። የሚንቀሳቀስ ፓራለል ካለ ቁራጩ ተነሥቷል፣ ወይም ከሥሩ ፍቅፋቂ ገብቷል ማለት ነው።

በኤክስና በዋይ ዘንጎች ላይ ዜሮውን ለማግኘት ኤጅ ፋይንደር የሚባለው የጠርዝ ማግኛ በብዛት ይሠራበታል። የጫፉ ዲያሜትር 10 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ ጠርዙን በነካ ጊዜ የስፒንድሉ መሐል ከጠርዙ 5 ሚሊ ሜትር ርቆ ይገኛል። ይህን ግማሽ ዲያሜትር መርሳት ሥራውን ሁሉ በ5 ሚሊ ሜትር ያዛንፋል፤ በተሳሳተ ምልክት መደመር ደግሞ ስሕተቱን ወደ 10 ሚሊ ሜትር ያደርሰዋል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ዜሮው ከተመዘገበ በኋላ ስፒንድሉ ከቁራጩ በላይ ከፍ ብሎ ወደ ኤክስ 0 እና ዋይ 0 ይላካል፤ መሐሉ በትክክል በጥጉ አናት ላይ መቆሙ በዐይን ይታያል። የ5 ሚሊ ሜትር ስሕተት በዚህ ፍተሻ ሳይታይ አያልፍም።

ሞርሳው ራሱም ከዘንጉ ጋር ትይዩ መሆን አለበት። ይህ የሚረጋገጠው ዳያል ኢንዲኬተር በስፒንድሉ ላይ ተይዞ በማይንቀሳቀሰው መንጋጋ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲነዳ ነው። ቁራጩን ወደ ቦታው የሚገፋው ተንቀሳቃሹ መንጋጋ ስለሆነ፣ በእርሱ ላይ የሚደረግ መለካት ስለ ቁራጩ አቀማመጥ የሚነግረው አስተማማኝ ነገር የለም።

የመቁረጫው ርዝመት

ማሽኑ የስፒንድሉን አፍንጫ ቦታ ያውቃል፤ የመቁረጫውን ጫፍ ቦታ ግን የሚያውቀው ርዝመቱ ሲነገረው ብቻ ነው። ይህን የሚያደርገው ጂ 43 የተባለው ትእዛዝ ሲሆን፣ ከእርሱ ጋር የሚጻፈው የኤች ቁጥር ርዝመቱ ከየትኛው የሠንጠረዥ መስመር እንደሚነበብ ይጠቁማል። ርዝመቱ ከስፒንድሉ አፍንጫ እስከ መቁረጫው ጫፍ በሚለካበት አሠራር፣ 120 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው መቁረጫ ተገጥሞ ጂ 43 ቢረሳና ዜድ 5 ቢታዘዝ፣ ከቁራጩ 5 ሚሊ ሜትር በላይ ለመቆም የሚሞክረው የስፒንድሉ አፍንጫ ይሆናል። የመቁረጫው ጫፍ ያን ጊዜ ከቁራጩ ገጽ 115 ሚሊ ሜትር በታች እንዲገኝ ታዝዟል። በወርክሾፕ ውስጥ የሚደርሱ ከባድ ግጭቶች ብዙ ጊዜ ከዚህ ዓይነት መዘንጋት ይመነጫሉ።

ጂ 43 ተጽፎም የኤች ቁጥሩ ሊሳሳት ይችላል። ሦስተኛው መቁረጫ ተገጥሞ የሁለተኛው ርዝመት ቢጠራ፣ ልዩነቱ በሁለቱ መቁረጫዎች ርዝመት ልዩነት ልክ ይሆናል። በዚህ ምክንያት የመቁረጫው ቁጥርና የኤች ቁጥሩ ሁልጊዜ አንድ እንዲሆኑ ማድረግ ጥሩ ልማድ ነው፤ ቲ 3 ካለ ኤች 3 ይከተላል። ልዩ ምክንያት ከሌለ ከዚህ መውጣት አይገባም።

ርዝመቱን በእጅ ለመንካት ብዙዎች ወረቀት ይጠቀማሉ። ተራ የጽሕፈት ወረቀት ወደ 0.1 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው፤ ይህ ውፍረት ካልተቀነሰ በናሙናው ውፍረት ላይ እንዳለ ይታያል። የተሻለው መንገድ ልኩ የታወቀ ክብ ፒን፣ ለምሳሌ የ10 ሚሊ ሜትር፣ መጠቀም ነው። ስፒንድሉ ቆሞ ሳለ መቁረጫው ከፒኑ ቁመት ዝቅ ብሎ ይቀመጥና በትንሽ በትንሹ ወደ ላይ ይነሣል፤ ፒኑ ከሥሩ ተንከባሎ ያለፈበት የመጀመሪያው ቦታ ይመዘገባል፤ ከዚያም 10.00 ይቀነሳል። መቁረጫው ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች ስለማይሄድ ፒኑን ሊጫነው አይችልም፤ ተሰባሪው የካርባይድ ጫፍም ከጉዳት ይድናል።

መቆጣጠሪያው የሚያስታውሰው ትእዛዝ

አብዛኞቹ የጂ ትእዛዞች አንድ ጊዜ ከተነገሩ በኋላ ሌላ ትእዛዝ እስኪሽራቸው ድረስ ይጸናሉ። ይህ ባሕርይ ፕሮግራሙን ያሳጥረዋል፤ ነገር ግን በወረቀቱ ላይ የማይታይ ሁኔታ በማሽኑ ውስጥ እንዲኖር ያደርጋል። ሦስት ምሳሌዎች በተደጋጋሚ ይገጥማሉ።

የመጀመሪያው ከጂ 90 እና ከጂ 91 ጋር የተያያዘ ነው። ጂ 90 ቁጥሮችን ከዜሮው እንዲቆጠሩ ያደርጋል፤ ጂ 91 ግን እያንዳንዱን ቁጥር መቁረጫው አሁን ካለበት ቦታ የሚቆጠር እርምጃ ያደርገዋል። ስፒንድሉን ወደ ማሽኑ ማጣቀሻ ነጥብ ለመመለስ ጂ 91 ጂ 28 ዜድ 0 ብሎ መጻፍ የተለመደ ነው። ከዚህ መስመር በኋላ ጂ 90 ካልተመለሰ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ኤክስ 80 ወደ 80ኛው ሚሊ ሜትር ሂድ ከማለት ተለውጦ 80 ሚሊ ሜትር ተጓዝ የሚል ትርጉም ይይዛል።

ሁለተኛው የመሰርሰሪያ ዑደት ነው። እንደ ጂ 83 ያለ ዑደት በጂ 80 ካልተሰረዘ፣ ቀጥሎ የሚሰጥ ማንኛውም የቦታ ትእዛዝ በአዲሱ ቦታ ላይ ሌላ ቀዳዳ ያስቆፍራል።

ሦስተኛው የአስርዮሽ ነጥብ ነው። በአንዳንድ መቆጣጠሪያዎች ነጥብ የሌለው ቁጥር በማሽኑ ትንሹ መለኪያ ይነበባል፤ ኤክስ 10 ተብሎ የተጻፈው 10 ሚሊ ሜትር መሆኑ ይቀርና 0.010 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በሌሎች ደግሞ እንደ 10 ሚሊ ሜትር ይወሰዳል። አንዱን ፕሮግራም በሁለት ማሽኖች ላይ የሚያሠራ ተመራማሪ ነጥቡን ሁልጊዜ መጻፍ፣ ማለትም ኤክስ 10.0 ማለት፣ ከዚህ ልዩነት ያድነዋል።

መፍትሔው በማሽኑ ትውስታ አለመመካት ነው። የመለኪያ አሃዱ፣ ማለትም ለሚሊ ሜትር ጂ 21፣ በፕሮግራሙ ራስ ላይ ይጻፋል። ከዚያም እያንዳንዱ መቁረጫ ሥራ የሚጀምርበት ክፍል የሚያስፈልገውን ሁኔታ በሙሉ እንደገና ያውጃል። ለምሳሌ፦

ቲ 3 ኤም 6
ጂ 17 ጂ 40 ጂ 80 ጂ 90
ጂ 54 ጂ 0 ኤክስ -15.0 ዋይ 0.0
ኤስ 6000 ኤም 3
ጂ 43 ኤች 3 ዜድ 50.0
ኤም 8

እዚህ ላይ መቁረጫው ከተለወጠ በኋላ ሁለተኛው መስመር የሥራውን ገጽታ ይመርጣል፣ የመቁረጫ ራዲየስ ማካካሻንና የመሰርሰሪያ ዑደትን ይሰርዛል፣ ቁጥሮችንም ከዜሮ እንዲቆጠሩ ያደርጋል። ሦስተኛው ዜሮውን ጠርቶ መቁረጫውን ከቁራጩ ውጭ ወዳለ ቦታ ይወስዳል። የርዝመት ማካካሻው የሚጠራው ከቁራጩ 50 ሚሊ ሜትር በላይ በሚያቆም ትእዛዝ ስለሆነ፣ ኦፕሬተሩ ርቀቱን በዐይኑ ለመገመት ጊዜ ያገኛል። ይህ አጻጻፍ ለፕሮግራሙ ጥቂት መስመሮችን ይጨምራል፤ ጥቅሙ ግን፣ ወደ መጨረሻ እንደሚታየው፣ ሥራ ከመሐል ሲቋረጥ ይበልጥ ይጎላል።

ከመቁረጥ በፊት የሚደረግ ማረጋገጫ

በኮምፒውተር ላይ የሚደረግ የምስል ማስመሰል የመቁረጫውን መንገድ ያሳያል። ሆኖም የሚያሳየው ፕሮግራሙ የሚገምተውን ዓለም ነው፤ የተሳሳተ ኦፍሴት ወይም በሥዕሉ ያልተካተተ የሞርሳ መንጋጋ በምስሉ ላይ አይታይም። በምሳሌው ናሙና መንጋጋው ከፓራለሉ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ከፍ ማለት ይኖርበታል፤ መቁረጫው በ3.00 ላይ ሲያልፍ በመካከላቸው ያለው ክፍተት 1 ሚሊ ሜትር ነው። ከፍ ያለ መንጋጋ ያለው ሌላ ሞርሳ ቢተካ ፕሮግራሙ የሚያውቅበት መንገድ የለም። ስለዚህ ማረጋገጫው በማሽኑ ላይ መጠናቀቅ አለበት።

የመጀመሪያው ደረጃ ፕሮግራሙን በአየር ላይ ማስኬድ ነው። የዜድ ኦፍሴቱ፣ ለምሳሌ፣ በ100 ሚሊ ሜትር ወደ ላይ ተነሥቶ ሥራው በሙሉ ከቁራጩ በላይ ይሠራል። መቁረጫው ከሞርሳውና ከማሰሪያ ቡሎኖቹ ጋር በአግድም የሚጋጭ መሆን አለመሆኑ በዚህ ጊዜ ይገመታል። የተነሣው ኦፍሴት ወደ ቦታው መመለሱ በዝግጅት ወረቀቱ ላይ ምልክት ተደርጎበት መረጋገጥ ይኖርበታል።

ሁለተኛው ደረጃ የመጀመሪያውን ቁራጭ በነጠላ መስመር አሠራር፣ ፈጣን ጉዞውንም ወደ ዝቅተኛው ደረጃ አውርዶ መጀመር ነው። የዚህ ምክንያቱ በስሌት ይታያል። በደቂቃ 24 ሜትር የሚጓዝ ማሽን በሰከንድ 400 ሚሊ ሜትር ይሄዳል። ሰው አደጋ አይቶ ቁልፍ እስኪጫን ሩብ ሰከንድ ቢፈጅበት፣ ማሽኑ በዚያ ጊዜ 100 ሚሊ ሜትር ተጉዟል። ፈጣን ጉዞው ወደ 5 በመቶ ቢወርድ ግን ርቀቱ 5 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ጣትን በማቆሚያ ቁልፍ ላይ ማድረግ የሚጠቅመው ፍጥነቱ አስቀድሞ ሲቀነስ ነው።

ሦስተኛው ደረጃ በስክሪኑ ላይ የሚታየውን የቀረ ርቀት ማንበብ ነው። መቁረጫው ወደ ቁራጩ ሲወርድ ከገጹ አጠገብ፣ ለምሳሌ 20 ሚሊ ሜትር ያህል ሲቀረው፣ ጉዞው ይቆማል። በዐይን የሚታየው ክፍተት 20 ያህል ሆኖ ስክሪኑ የቀረው ርቀት 55 ነው ካለ፣ ከሁለቱ አንዱ ተሳስቷል፤ ምናልባትም የሌላ መቁረጫ ርዝመት ተጠርቷል። ይህ ፍተሻ ለእያንዳንዱ መቁረጫ የሚፈጀው ጊዜ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም፤ የዜሮንም፣ የርዝመትንም፣ የጸና ትእዛዝንም ስሕተት በአንድነት ያጋልጣል።

በእነዚህ ደረጃዎች ሁሉ የማሽኑ በር ተዘግቶ ይቆያል። በሚሽከረከር ስፒንድል አጠገብ ጓንት መልበስ እጅን ይዞ ሊጎትት ስለሚችል ፈጽሞ አይፈቀድም፤ ፍቅፋቂም ስፒንድሉ ከቆመ በኋላ በብሩሽ ይጠረጋል።

ስሌቱና ብረቱ

የመቁረጫው ቦታ ትክክል ከሆነ በኋላ ቀጣዩ ጥያቄ እንዴት ይቆርጣል የሚለው ነው። የስፒንድሉ ዙር የሚገኘው የመቁረጥ ፍጥነቱ በ1000 ተባዝቶ ለፓይና ለመቁረጫው ዲያሜትር ብዜት ሲካፈል ነው። ለአሉሚኒየም በደቂቃ 250 ሜትር ቢመረጥ፣ 10 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ላለው የካርባይድ ኤንድ ሚል ዙሩ በደቂቃ ወደ 7960 ይሆናል። ሦስት ጥርስ ላለው መቁረጫ፣ ለእያንዳንዱ ጥርስ 0.05 ሚሊ ሜትር ቢሰጥ፣ የመግፊያ ፍጥነቱ በደቂቃ 1194 ሚሊ ሜትር ነው።

የማሽኑ ከፍተኛ ዙር 6000 ቢሆንስ? አንዳንድ መቆጣጠሪያዎች ስፒንድሉን በ6000 ላይ ገድበው ሥራውን ይቀጥላሉ፤ የመግፊያ ፍጥነቱ ግን 1194 ላይ እንዳለ ይቆያል። ያን ጊዜ ለእያንዳንዱ ጥርስ የሚደርሰው ከ0.05 ወደ 0.066 ሚሊ ሜትር ያድጋል። ዙሩ ሲቀንስ የመግፊያ ፍጥነቱም በዚያው ልክ፣ በዚህ ምሳሌ ወደ 900፣ መውረድ አለበት።

ተቃራኒው ስሕተት በፍርሃት ይመጣል። ጀማሪ ኦፕሬተር ድምፅ ሲሰማ መጀመሪያ የሚያደርገው የመግፊያ ፍጥነቱን መቀነስ ነው። ነገር ግን መቁረጫው በጎኑ በስሱ ሲቆርጥ ፍቅፋቂው ከተሰላው በላይ ቀጭን ነው። የ10 ሚሊ ሜትር መቁረጫ በጎን 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ሲይዝ፣ የፍቅፋቂው ከፍተኛ ውፍረት ለጥርስ ከተሰጠው 60 በመቶ ይሆናል፤ 0.05 የተባለው 0.03 ይሆናል ማለት ነው። ይህ በግማሽ ቢቀነስ ጥርሱ ብረቱን ከመቁረጥ ይልቅ ማሸት ይጀምራል። ማሸት ሙቀት ይፈጥራል፤ አሉሚኒየም ከሆነ ደግሞ ብረቱ በስለቱ ላይ ይጣበቃል፤ ገጹም ይሻክራል። የድምፁ ምንጭ ንዝረት ከሆነ የመቁረጫውን ከያዡ የወጣ ርዝመት ማሳጠር፣ የቁራጩን አያያዝ ማጠንከርና ዙሩን መለወጥ ቀድመው የሚታዩ መፍትሔዎች ናቸው።

የመቁረጫው መለመጥ ከያዡ በወጣው ርዝመት ኪዩብ ያድጋል፤ በዲያሜትሩ አራተኛ ኃይል ይቀንሳል። ያለ በቂ ምክንያት ከ30 ሚሊ ሜትር ወደ 60 ሚሊ ሜትር የወጣ መቁረጫ በተመሳሳይ ኃይል ስምንት እጥፍ ይለመጣል። በ10 ሚሊ ሜትር መቁረጫ ፈንታ የ8 ሚሊ ሜትር ቢገጠም ደግሞ መለመጡ ወደ 2.4 እጥፍ ይሆናል። ፕሮግራሙ መቁረጫውን እንደማይለመጥ ነገር ይቆጥረዋል፤ ልዩነቱ የሚታየው በግድግዳው ላይ በሚቀረው ትርፍ ብረት ነው።

መለካትና ማረም

የመጀመሪያው ቁራጭ ሲሠራ ልኩን ወዲያው በንድፉ ቁጥር ላይ ለማምጣት መሞከር አይመከርም። የመቁረጫ ራዲየስ ማካካሻ በጂ 41 ሲሠራበት፣ በእያንዳንዱ ግድግዳ 0.1 ሚሊ ሜትር ትርፍ እንዲቀር የመልበሻ ኦፍሴቱ አስቀድሞ ከፍ ይደረጋል። ቁራጩ ሳይፈታ ይለካል፤ ልዩነቱ ይታረማል፤ ከዚያም የመጨረሻው ዙር ይደገማል።

በዚህ ጊዜ ሁለት ነገሮች መታሰብ አለባቸው። አንደኛ፣ ስፋቱ 50.00 መሆን የነበረበት ጎድጓድ 49.96 ቢለካ፣ ጉድለቱ በሁለት ግድግዳዎች የተከፈለ ስለሆነ ራዲየሱ የሚታረመው በ0.02 ነው። መቆጣጠሪያው ኦፍሴቱን በዲያሜትር የሚያነብ ከሆነ ግን 0.04 መግባት አለበት። የትኛው እንደሆነ ከማሽኑ መመሪያ መረጋገጥ ይኖርበታል። ሁለተኛ፣ መለመጡ በመቁረጥ ኃይሉ ላይ የሚመሠረት በመሆኑ፣ ልኩ የተወሰደበት ዙርና የመጨረሻው ዙር የሚቆርጡት መጠን ተቀራራቢ መሆን አለበት። ከ1 ሚሊ ሜትር ቁረጥ በኋላ የተለካ ልዩነት ለ0.1 ሚሊ ሜትር ቁረጥ ትክክለኛ እርማት አይሰጥም።

ሙቀትም ከልኩ ጋር ይያያዛል። የኢንዱስትሪ መለኪያዎች ማጣቀሻ ሙቀት 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። 100 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው አሉሚኒየም በ10 ዲግሪ ሲሞቅ ወደ 0.023 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፤ ብረት ደግሞ ግማሹን ያህል። ከመቁረጫው ሥር ሞቆ የወጣ ቁራጭ ሲለካ ትክክል መስሎ ሲቀዘቅዝ ሊያንስ ይችላል። ስፒንድሉም ራሱ ሲሞቅ በዜድ አቅጣጫ በመቶኛ ሚሊ ሜትሮች ስለሚረዝም፣ ማሽኑን ጠዋት ያለ ሥራ ለ15 ወይም ለ20 ደቂቃ ማሽከርከርና የመቁረጫ ርዝመትን ከዚያ በኋላ መውሰድ የናሙናዎቹን ውፍረት ያቀራርባል።

ቀጫጭን ናሙናዎች ሌላ ጠባይ አላቸው። ሰሌዳው በውስጡ የያዘው ውጥረት በአንድ በኩል ብቻ ሲቆረጥ ሚዛኑን ያጣል፤ ሞርሳው ሲላላ ናሙናው ይጎብጣል። ይህን ለመቀነስ ሁለቱም ገጾች ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ትርፍ ቀርቶባቸው በሻካራው ይቆረጣሉ፤ ናሙናው ይፈታል፤ በቀላል ኃይል እንደገና ታስሮ ይጨረሳል። ወደ ስሌቱ የሚገባው ውፍረት ከሞርሳው ከተፈታ በኋላ በማይክሮ ሜትር በየናሙናው ላይ የተለካው እንጂ በንድፉ ላይ የተጻፈው መሆን የለበትም።

መብራት ሲቋረጥ

በኢትዮጵያ ወርክሾፖች የኤሌክትሪክ መቋረጥ በሥራ መሐል የሚያጋጥም ነገር ነው፤ ከላይ የተዘረዘሩት ክፍተቶችም በአንድ ጊዜ የሚከፈቱት ያን ጊዜ ነው። ኃይል ሲመለስ መቁረጫው በቁራጩ ውስጥ ቆሟል፣ የጸኑት ትእዛዞች ወደ ማሽኑ ነባሪ ሁኔታ ተመልሰዋል፣ የርዝመት ማካካሻውም ተሰርዞ ሊሆን ይችላል።

የመጀመሪያው እርምጃ መቁረጫውን በእጅ መንጃው በዜድ አቅጣጫ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ማውጣት ነው፤ ማሽኑ ወደ ማጣቀሻ ነጥቡ መመለስ የሚያስፈልገው ከሆነም ቅድሚያ የሚያገኘው ዜድ ነው። ቀጥሎ የመቁረጫው ጥርሶች ይታያሉ፤ በብረት ውስጥ በድንገት የቆመ የካርባይድ ስለት ሊሸረፍ ይችላል። ከዚያ ቁራጩ በሞርሳው ውስጥ አለመንሸራተቱ አስቀድሞ በተሠራ ጠርዝ ላይ በኢንዲኬተር ይፈተሻል፤ የመለኪያ አሃዱና የዜሮው ቦታም በስክሪኑ ላይ ይረጋገጣሉ።

ሥራው የሚቀጥለው ከተቋረጠበት መስመር አይደለም። ያ መስመር ከእርሱ በፊት የተነገሩትን ትእዛዞች ሁሉ ይፈልጋል፤ ማሽኑ ግን አሁን አያስታውሳቸውም። ትክክለኛው መነሻ መቁረጫው ሥራ የጀመረበት ክፍል ራስ ነው፤ ቀደም ሲል እንደታየው የሚያስፈልገው ሁኔታ በሙሉ እዚያ ተጽፏል። መቁረጫው አስቀድሞ በተቆረጠው ቦታ ላይ በአየር ስለሚያልፍ ጥቂት ደቂቃዎች ይባክናሉ፤ ቁራጩና ስፒንድሉ ግን ይተርፋሉ።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ የጥገና ጉዳይ አለ። የዘንጎቹን ቦታ በባትሪ በሚያስታውሱ ማሽኖች ባትሪው ሲዳከም ማሽኑ ማስጠንቀቂያ ያሳያል። በብዙዎቹ ማሽኖች ባትሪው የሚለወጠው ማሽኑ በርቶ ሳለ ነው፤ ጠፍቶ ሳለ ቢወጣ የማጣቀሻ ነጥቡ ሊጠፋና እንደገና ማቀናበር ሊያስፈልግ ይችላል። መብራት ደጋግሞ በሚቋረጥበት ቦታ ይህን ማስጠንቀቂያ ማሳደር አይገባም።

ማጠቃለያ

ከዜሮ ነጥቡ እስከ ናሙናው ውፍረት ድረስ የተዘረዘሩት ስሕተቶች አንድ ጠባይ ይጋራሉ፤ ሁሉም ፕሮግራሙ አንድ ነገር ሲገምት በጠረጴዛው ላይ ሌላ ነገር ሲገኝ የሚከሠቱ ናቸው። ስለዚህ ከፕሮግራሙ ጋር የሚሄደው የዝግጅት ወረቀት ዜሮው ከየትኛው ገጽ እንደተወሰደ፣ እያንዳንዱ መቁረጫ ከያዡ ምን ያህል እንደወጣ፣ ርዝመቱ በምን እንደተለካ፣ የመንጋጋው ከፍታ ስንት እንደሆነና የመጀመሪያው ቁራጭ ስንት እንደለካ ቢይዝ፣ ሥራውን የሚረከበው ሁለተኛ ሰው ግምቶቹን አንድ በአንድ መፈተሽ ይችላል።

ለተመራማሪው ይህ ወረቀት ተጨማሪ ዋጋ አለው። የፈተና ውጤቶች ሲበታተኑ ልዩነቱ ከቁሱ ይሁን ከአሠራሩ ለመለየት የሚያስችል የመጀመሪያው ማስረጃ እርሱ ነው። በመግቢያው ላይ የተጠቀሱት 12 ናሙናዎች 2.95 ሆነው ቢወጡ እንኳ፣ ውፍረታቸው በየናሙናው ተለክቶ ከተመዘገበ ውጤታቸው ከጥቅም ውጭ አይሆንም፤ ስሌቱ በእውነተኛው ቁጥር ይሠራል። ሳይለካ በ3.00 የተሰላው ውጤት ግን ስሕተቱን እንደ ቁሱ ጠባይ አድርጎ ወደ ጥናቱ ያስገባል።